አምራቹ ጥሎት የሄደ ፕሮጀክተር

ባለሲኒማው፦ የሠራው ኩባንያ ራሱ «ከእንግዲህ አላውቀውም» ያለውን ማሽን እኔ ምን ብዬ ላቆየው? ደብዳቤው ግልጽ ነው። መለዋወጫ አይመረትም፣ ሶፍትዌር አይታደስም፣ ለጥገና የሚላክ ሰው የለም። አንተ ግን አሁንም «ገና ነው» ትለኛለህ።

ባለሙያው፦ ደብዳቤው የሚነግርዎ ኩባንያው የደረሰበትን ውሳኔ ነው፣ ጋሼ። ስለ ማሽኑ ጤና አንድም ቃል የለበትም። ትናንት ማታ በደህና ያሳየ ፕሮጀክተር ደብዳቤ ስለመጣለት ዛሬ ጠዋት አይታመምም።

ባለሲኒማው፦ መታመሙ ግን አይቀርም። ያኔ ማንን ልጥራ?

ባለሙያው፦ በምን እንደሚታመም ካወቅን ማን እንደሚጠራም እናውቃለን። የእርስዎ ማሽን ዋና ሥራ በሦስት ቺፖች ላይ ነው፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። ቺፖቹን የሚሠራው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው፤ ክሪስቲ፣ ባርኮና ኤንኢሲ ደግሞ በዙሪያቸው ፕሮጀክተር ገጣጠሙ። በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ 2,048 በ1,080፣ ማለትም ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ጥቃቅን መስታወቶች ተደርድረዋል። በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየተገላበጡ ብርሃኑን ወደ ስክሪኑ የሚልኩት ወይም የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው። እንዲህ እየሠሩም ብዙ ዓመት ይቆያሉ። ጠላታቸው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ የተደፈነ ማጣሪያ፣ የደከመ ማራገቢያ፣ በጊዜው ያልተቀየረ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ቀጥሎ የሚደክመው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከዓመት ዓመት ይደርቃሉ። እነሱን ለመቀየር ስታኞና የሠለጠነ እጅ ይበቃል። ለዚህ ሁሉ የአምራቹ ፊርማ አያስፈልግም።

ባለሲኒማው፦ ቀላል ቀላሉን መርጠህ ነገርከኝ። ስክሪኑ ላይ የማይጠፋ ነጥብ ሲወጣስ? በጨለማ ትዕይንት ላይ ተመልካቹ ኮከብ ነው ብሎ ያያል፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ሲጨመር ግን አይታለልም። የተጣበቀን መስታወት በስታኞ አትፈታውም።

ባለሙያው፦ አልፈታውም፤ ሙሉውን የብርሃን ክፍል እቀይረዋለሁ። ትልልቆቹ የሲኒማ ድርጅቶች ወደ ሌዘር መብራት ሲዞሩ ያወጧቸው በዜኖን አምፖል የሚሠሩ ማሽኖች ገበያ ላይ አሉ። አንዱን ለመለዋወጫ ብቻ ገዝቶ ማስቀመጥ ከአዲስ ማሽን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ባለሲኒማው፦ ያ የምትነቅልበት ማሽን ከኔው ጋር በአንድ ዘመን የተሠራ ነው። ሙቀቱም አቧራውም ደርሶበታል። ያረጀውን በእኩያው ነው የምትጠግነው። ደግሞም የወጡት ማሽኖች ዛሬ ብዙ ናቸው ማለት የዛሬ አምስት ዓመትም ይኖራሉ ማለት አይደለም። ሁሉም ከአንድ ጎተራ እየዘገነ ጎተራው መጉደሉን ማን ይቆጥራል?

ባለሙያው፦ እውነት ነው፣ ያልቃል። ግን ዕድሜ ብቻውን ማሽን እንደማይጥል የፊልም ጥቅል ዘመን ያስተምረናል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራው ዲፒ70 የተባለው የ70 ሚሊሜትር ፕሮጀክተር እስከ ዘመናችን ድረስ ፊልም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ዘ ሄትፉል ኤይት» በ70 ሚሊሜትር ሲወጣ ወደ 100 ለሚጠጉ ሲኒማ ቤቶች አሮጌ ፕሮጀክተሮች ከያሉበት ተለቅመው፣ ተፈተው፣ ታጥበው እንደገና ተገጣጥመዋል።

ባለሲኒማው፦ እነዚያ ብረት ናቸው። ጥርሱ ቢበላ ቶርኖ ቤት ወስደህ ታስቀርጸዋለህ። የኔ ማሽን ውስጥ ያለውን ካርድ የትኛው ቶርኖ ይቀርጽልኛል?

ባለሙያው፦ ብረት ያልሆነ ምሳሌም አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 «ኦፕንሃይመር» በአይማክስ 70 ሚሊሜትር ሲታይ፣ ግዙፉን የፊልም ጥቅል የሚያዞረው መሣሪያ መቆጣጠሪያው ፓልም ኤም130 ነበር፤ ከ20 ዓመት በፊት ኪስ ውስጥ ይያዝ የነበረ፣ ምርቱ ከቆመ የቆየ ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ነው። ምን አደረጉ? የድሮው ኮምፒውተር በአዲስ ታብሌት ውስጥ በሶፍትዌር እንዲመሰል አደረጉ። ማሽኑ አዛዡ መቀየሩን ሳያውቅ ፊልሙን አዞረ። ስለዚህ ሶፍትዌርም ይጠገናል።

ባለሲኒማው፦ አይማክስ የገዛ ራሱን ዕቃ ነው ያደሰው። ንድፉም፣ ኮዱም፣ መብቱም በእጁ ነው። ገንዘቡም አለው፤ ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው ፊልምም አለው። እኔ የማሳየው የሳምንቱን ፊልም ነው፤ የያዝኩትም ሌላ ሰው የሠራውን ማሽን ነው። ከአይማክስ ጋር አታወዳድረኝ።

ባለሙያው፦ እንግዲያው ከቤታችን ልጥራ። አዲስ አበባ ላዳን ታክሲ አድርጋ ስንት ዘመን ነዳችው? ፋብሪካው ሞዴሉን መሥራት ካቆመ በኋላም ሶማሌ ተራ መለዋወጫውን አላጣም፤ የጠፋውን መካኒኩ ከሌላ መኪና ቀንሶ፣ አስተካክሎ ይገጥም ነበር። ፋብሪካው ስላልፈቀደ ቆሞ የቀረ ላዳ አይቼ አላውቅም።

ባለሲኒማው፦ ራስህ ነገርከኝ እኮ። ላዳ ጠዋት ሲነሳ ቶግሊያቲ ካለው ፋብሪካ ማንነቱን አያስመሰክርም። ቁልፉን አዙረህ፣ ቤንዚን ካለው ይሄዳል። የኔ ፕሮጀክተር ግን ብርሃኑ ቢበራም፣ ማራገቢያው ቢዞርም፣ መስታወቱ ሁሉ ደህና ቢሆንም፣ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ካልቻለ ፊልሙን አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሰባት ስቱዲዮዎች፣ ዲዝኒ፣ ፎክስ፣ ኤምጂኤም፣ ፓራማውንት፣ ሶኒ ፒክቸርስ፣ ዩኒቨርሳልና ዋርነር፣ ተሰብስበው ያቋቋሙት ኅብረት በ2005 ደንቡን ሲያወጣ የሥዕሉን ጥራት ብቻ አልወሰነም፤ መቆለፊያውንም አብሮ ወሰነ። ፊልሙ ተመስጥሮ ይመጣል። መክፈቻው ለብቻው ይላካል፤ ለየትኛው ሚዲያ ብሎክ፣ ማለትም ፊልሙን ለሚፈታው ካርድ፣ ከየትኛው ቀንና ሰዓት እስከ የትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሠራ ተጽፎበት። ለአንዱ የተጻፈ ለሌላው አይሆንም።

ባለሙያው፦ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ ማለት ነው።

ባለሲኒማው፦ ያልጨረስኩት አለ። ያ ሚዲያ ብሎክ ውስጥ የተቀበረው ምስጢር በባትሪ ነው የሚኖረው። ሰው ከፍቶ ሊያይ ከሞከረ እንዲጠፋ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ባትሪው ካለቀም ይጠፋል። በኮቪድ ጊዜ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ሳለ አምራቾች «በየጊዜው እያበራችሁ አቆዩአቸው» ሲሉ የነበረው ለምን ነበር? ምስጢሩ የጠፋበት ካርድ ወደ ሠራው ቤት ተልኮ አዲስ ማንነት ካልተሰጠው በቀር ከዕቃነት አያልፍም። የሠራው ቤት «ይህን ሞዴል ትቼዋለሁ» ካለስ? እንግዲህ ንገረኝ፤ ይህን በየትኛው ብልሃት ትጠግነዋለህ?

ባለሙያው፦ አልጠግነውም። ማንም ጠጋኝ አይጠግነውም፤ ይህ እርጅና አይደለም። ብረት ሲያልቅ፣ ካፓሲተር ሲደርቅ እርጅና ነው። በባትሪ ማለቅ ማንነቱ የሚሰረዝ ማሽን ግን ገና ሲነደፍ ዕድሜው ተወስኖለታል። ስለዚህ ክርክራችን ቦታውን ይያዝ። እኔ «ይቆይ» የምለው ብርሃን ስለሚሠራው ክፍል ነው፤ ስለ ምስጢሩ ክፍል አይደለም።

ባለሲኒማው፦ ሁለቱን መለየት ይቻላል?

ባለሙያው፦ እንደ ማሽኑ ትውልድ ነው። በመጀመሪያው ትውልድ፣ ለምሳሌ በክሪስቲ ሲፒ2000 ወይም በባርኮ ዲፒ100፣ ፊልሙ የሚጫንበት ሰርቨር ውጭ ተቀምጦ በተመሰጠረ ኬብል ነበር ሥዕሉን የሚልከው። ዘመናዊውን ሚዲያ ብሎክ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። እንዲህ ያለውን ማሽን ለአዲስ የሆሊውድ ፊልም ያቆዩት ብዬ አልከራከርም፤ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ትውልድ ግን ሚዲያ ብሎኩ የሚሰካና የሚነቀል ካርድ ነው። የአንዱ ቤት ባትሪ ቢሞት፣ አምራቹም ቢተወው፣ የሌላ ቤት አዲስ ካርድ ይሰኩና ከፕሮጀክተሩ ጋር ያጋቡታል፤ ባለሙያዎቹ እንዲህ ነው የሚሉት። ለአዲሱ ካርድ አዲስ መክፈቻ ይታዘዛል። ፕሮጀክተሩ አሮጌ፣ ምስጢሩ አዲስ ይሆናል። የእርስዎ ማሽን ሁለተኛው ትውልድ ነው።

ባለሲኒማው፦ ካርዱ በነጻ የሚመጣ አስመሰልከው። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ዶላሩ ቢገኝ እንኳ ገንዘቤን አምራቹ በተወው አካል ውስጥ ነው የምከተው።

ባለሙያው፦ ካርዱን ከገዙ የእርስዎ ነው፤ አካሉ ሲሞት ነቅለው በሚቀበለው ሌላ ማሽን ላይ ይሰኩታል። አምራቹ ራሱ የድሮው አካል ገና መሆኑን እንደሚያውቅ ማስረጃ ላምጣ? የባርኮ የሲኒማ ዘርፍ ኩባንያ የነበረው ሲኒዮኒክ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሁለተኛው ትውልድ የባርኮ ፕሮጀክተሮች የሌዘር መብራት ማሻሻያ አቅርቧል። የዜኖኑ አምፖል ወጥቶ ሌዘር ይገባል፤ ቀሪው አካል እንዳለ ይቀጥላል። አካሉ የማያስተማምን ቢሆን ውድ መብራት ማን ይሰካበት ነበር?

ባለሲኒማው፦ ያ የሚያሳየኝ ሻጩ ሲፈልግ እንደሚያስቀጥል ነው። ሲፈልግ ደግሞ ያቆማል። ሶኒን እይ። ባለ 4ኬ ፕሮጀክተሩን ለዓለም ሸጠ፤ የሥዕሉ ቺፕ የራሱ፣ ሰርቨሩ የራሱ፣ ሚዲያ ብሎኩ የራሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሲኒማ ፕሮጀክተር ሥራ መውጣቱን አሳወቀ። ደንቡን ካወጡት ስቱዲዮዎች አንዱ የሶኒ ቤተሰብ መሆኑንም አትርሳ። «ቆልፉ» ባለው ቤት የተሠራ ማሽን እንኳ እንዲህ ከቀረ፣ የኔ ማሽን ምን ዋስትና አለው?

ባለሙያው፦ የሶኒው ታሪክ የእኔን ነገር ያጠነክራል። ሁሉን ነገር ከአንድ ቤት የገዛ ሰው ያ ቤት ሲዘጋ ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ያጣል። ቺፑን ከአንዱ፣ አካሉን ከሌላው፣ ሰርቨሩን ከሦስተኛው የገዛ ግን አንዱ ቢሄድ በሌላው ይቀጥላል። ስለ መብራትም ይህንኑ ያስቡ። ዜኖን አምፖልን ኡሺዮም ሌላውም ይሠራዋል፤ ፕሮጀክተሩን የሠራው ሰው ጠፍቶም አምፖሉ ይገኛል። በአዲሱ የሌዘር ማሽን ውስጥ ግን መብራቱ የማሽኑ አካል ነው። ሲደክም ከአምራቹ በቀር የሚለውጥልዎ የለም።

ባለሲኒማው፦ መቼ ነው የሚደክመው ግን? ትልልቁ የዜኖን አምፖል 1,000 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ዋስትናው ያልቃል። ለሌዘሩ ከ20,000 በላይ ይሉለታል። የኤሌክትሪኩን፣ ሙቀቱን የሚያስወጣውን ቱቦ፣ አምፖል የሚቀይረውን ሰው ሁሉ አስላው።

ባለሙያው፦ እናስላው። በቀን 10 ሰዓት ቢያሳዩ በዓመት 3,650 ሰዓት ነው። 20,000 ሰዓት ማለት አምስት ዓመት ተኩል ማለት ነው። 30,000 ቢሆን ስምንት ዓመት አለፍ ይላል። ሌዘር እስከዚያ እኩል አያበራም፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚመጣልዎን ደብዳቤ ከወዲሁ ማንበብ ይችላሉ፤ ዛሬ የያዙት ነው።

ባለሲኒማው፦ ስምንት ዓመት ግን ስምንት ዓመት ነው። አንተ የምትሰጠኝ «አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሦስት» ነው። ያም እያንዳንዱ ቅዳሜ ማታ ማሽኑ እንዳይቆም እየተሳቀቅሁ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሥዕሉ ሲጠፋ የምመልሰው የቲኬቱን ገንዘብ ብቻ መሰለህ? ሰው አንዴ ከተመለሰ ቤቱ ተቀምጦ ማየት ይለምዳል።

ባለሙያው፦ ለዚህ መልሴ ጀግንነት አይደለም፤ መዝገብ ነው። መብራቱ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ማራገቢያው መቼ ተቀየረ፣ ሙቀቱ ከወር ወር ስንት ነው ተብሎ ከተጻፈ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከመቆሙ በፊት ይናገራል። የቀለሙና የሌንሱ ማስተካከያ ሁሉ ተገልብጦ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የአገልግሎት መመሪያውና የመጨረሻው ሶፍትዌር አምራቹ ከድረ ገጹ ሳያነሳው በፊት ይውረድ። የሚዲያ ብሎኩ ባትሪ ዕድሜው ሳያልቅ፣ የሚቀይረው ቤት ገና በሩን ሳይዘጋ ይቀየር።

ባለሲኒማው፦ መዝገቡን የሚያነበው ማን ነው? አንተ ነህ። አንተ ስትታመምስ? ስትሰደድስ? ከመለዋወጫ ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ባለሙያው ነው። ደግሞ አምፖሉን አስብ። ዜኖን ጠፍቶ ቀዝቅዞም ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ታጭቆበታል፤ ቢፈነዳ መስታወቱ እንደ ስለት ይበተናል። ያለ ፊት መከለያ፣ ያለ ጓንትና ያለ ወፍራም ልብስ አይነካም። አምራቹ ሲሄድ የሚያሠለጥነውም አብሮ ይሄዳል። የቀረው በልምድ ይነካካል። የአንድ ልጅ ዓይን ከጠፋ የቆጠብኩት ዶላር ምን ይሠራልኛል?

ባለሙያው፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ያልሠለጠነ ሰው አምፖሉን የሚነካበት ሲኒማ ቤት ማሽኑን ነገ ይሽጥ። ቢያንስ ሁለት ሰው ያልሠለጠነበት ማሽን፣ የአምራች ድጋፍ ኖረውም አልኖረው፣ አደገኛ ነው።

ባለሲኒማው፦ ሌላም አለ። እኔና አንተ ስለ ማሽኑ ስንጨነቅ ተመልካቹን ረሳነው። ደንቡ ስክሪኑ መሃል ላይ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ብርሃን ይድረስ ይላል። ማሽን እያረጀ፣ መስታወቱ እየቆሸሸ፣ ባለቤቱ ለመቆጠብ አምፖሉን ከዕድሜው በላይ እያሠራ ሲሄድ ሥዕሉ ይደበዝዛል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ተመልካቹ ግን የቲኬቱን ዋጋ ጥቂት ጥቂት አልቀነሰም። «ማሽኑ ይሠራል» ማለት ለማን ነው የሚሠራው?

ባለሙያው፦ ይህ ከተናገሩት ሁሉ የበለጠ ያስጨንቀኛል፤ አብዛኛው አሮጌ ማሽን እስኪቆም ድረስ ነው የሚቆየው፣ ጥሩ እስኪያሳይ ድረስ ሳይሆን። ስለዚህ ማቆሚያው በቁጥር ይወሰን። በየወሩ ብርሃኑ ይለካ። አምፖሉ አዲስ ሆኖ፣ መስታወቱ ጸድቶም ከልኩ በታች ከቀረ፣ ወይም የማይጠፋው ነጥብ ከፊት ወንበር የሚታይ ከሆነ፣ ማሽኑ ይውረድ። የአምራቹ ደብዳቤ መጨረሻውን እንዳይወስንልን የምንል ሰዎች መጨረሻውን ራሳችን መወሰን አለብን።

ባለሲኒማው፦ እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። አሁን ግን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የመጀመሪያው ዲጂታል ማሽን ሲገባ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሲኒማ ቤቶች ብቻቸውን አልከፈሉም። ስቱዲዮዎቹ ለ35 ሚሊሜትር ኮፒ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጡ የነበረው ወደ ሃርድ ዲስክ ሲዞር ትርፉ የእነሱ ሆነ፤ ከዚያ ትርፍ በየፊልሙ ለማሽኑ ዕዳ መክፈያ ይሰጡ ነበር። ያ አከፋፈል ጊዜው አልፏል። ሁለተኛውን ማሽን የሚገዛው ባለቤቱ ብቻውን ነው። አንተ የምታቆይልኝ አሮጌ ማሽን ይህን ቀን ከማስረዘም ውጪ ምን ይለውጣል?

ባለሙያው፦ የመደራደሪያ ጊዜ ይሰጥዎታል። ማሽኑ ቆሞበት የሚገዛና ማሽኑ እየሠራለት የሚገዛ ሰው እኩል ዋጋ አይከፍሉም። ግን የተናገሩት ታሪክ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። መቆለፊያውን የፈለጉት ፊልሙን የሚሸጡት ናቸው። ትርፉን ያገኙትም እነሱ ናቸው። የመቆለፊያው ባትሪ ሲሞት ግን ኪሳራው የባለሲኒማው ነው። ጥገናን የሚከለክል ነገር ያስገባ ሰው የጥገናውን ኃላፊነት እንዴት ለሌላ ይተዋል?

ባለሲኒማው፦ የፊልሙ ባለቤት ንብረቱን ቢጠብቅ ጥፋቱ ምንድን ነው? ፊልም በወጣ ማግስት እንዳይሰረቅ ነው። መቆለፊያው ባይኖር ፊልሙን መጀመሪያ ቀን አይሰጡኝም። እኔ የምኖረው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ባለሙያው፦ መቆለፊያው ይቅር አላልኩም። አምራቹ ሲሄድ ሦስት ነገር ትቶ ይሂድ ነው የምለው። አንደኛ፣ የመብራቱ፣ የፓወር ሰፕላዩና የማቀዝቀዣው ሙሉ ንድፍ፤ በዚህ ውስጥ የማንም ፊልም ምስጢር የለም። ሁለተኛ፣ ማስተካከያ ውስጥ የሚያስገባው የአገልግሎት የይለፍ ቃል። ሦስተኛ፣ ባትሪ የመቀየርና ለካርዱ አዲስ ማንነት የመስጠት ሥልጣን፤ ይህ ለሁሉም ሳይሆን ስቱዲዮዎቹ ለሚያምኑት ሌላ ቤት ይተላለፍ። ምስጢሩ እንደተጠበቀ ይቆያል፤ ጠባቂው ብቻ ይቀየራል።

ባለሲኒማው፦ ሦስተኛው ላይ ትወድቃለህ። ያ ተረካቢ ቤት መፈተሽ፣ መታመን፣ ኢንሹራንስ መግባት አለበት። በየዓመቱ የማሽኖቹ ቁጥር ይቀንሳል፤ ወጪው ግን አይቀንስም። ስለዚህ በየማሽኑ የሚደርሰው ዋጋ ከዓመት ዓመት ይወጣል፤ አንድ ቀን ከአዲስ ካርድ ይበልጣል። ያኔ ተረካቢውም ደብዳቤ ይጽፋል። ሞቱን አላስቀረህም፤ አራዘምከው።

ባለሙያው፦ ወጪው በመጨረሻ ከተጠየቀ እንዳሉት ነው። ሲሸጥ ቢጠየቅስ? ከማሽኑ ዋጋ ጥቂቱ ለዚያ ቀን ተለይቶ ቢቀመጥ?

ባለሲኒማው፦ ያኔ ማሽኑ ይወደዳል፤ የሚከፍለውም እኔው ነኝ።

ባለሙያው፦ አሁንም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ልዩነቱ ያኔ አንዴ፣ አውቀው ይከፍላሉ። አሁን ግን በኋላ፣ ሳያውቁ፣ ሌላ ሰው በወሰነው ቀን ነው የሚከፍሉት።

ባለሲኒማው፦ ሕግ ያስገድዳቸዋል ብለህ ተስፋ አድርገህ ከሆነ ተወው። በአሜሪካ ዲጂታል መቆለፊያ መስበር እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ለተወሰነ ነገር ብቻ ልዩ ፈቃድ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የሬስቶራንቶችን የአይስክሬም ማሽን ለመጠገን መቆለፊያ መክፈት ተፈቀደ። ለንግድና ለኢንዱስትሪ መሣሪያ ሁሉ የተጠየቀው ግን አልተሰጠም። ፈቃድ ላገኘውም ቢሆን «ክፈት» ተባለ እንጂ መክፈቻውን ሠርቶ የሚሸጥለት ሰው አልተፈቀደለትም።

ባለሙያው፦ አይስክሬሙ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን በር ከፍቷል። ያም ሆኖ ለፊልም ተመሳሳይ ነገር እንደማይመጣ አውቃለሁ። የአይስክሬሙ መቆለፊያ የሚጠብቀው የጥገና ገቢን ነው፤ የእርስዎ ማሽን መቆለፊያ የሚጠብቀው ፊልሙን ነው። ስለዚህ እኔ ሕግን አልጠብቅም። የሚቆለፈውና የማይቆለፈው ፊልም የተለያየ መሆኑን ግን አስታውስዎታለሁ። ያልተመሰጠረ የሲኒማ ፋይል ማንነት አይጠይቅም፤ ሰርቨሩ እስከሠራ ድረስ ይታያል። ሰርቨሩም ባይኖር በፕሮጀክተሩ የቪዲዮ መግቢያ ከኮምፒውተር ይላካል። የአማርኛ ፊልም በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ ተቀርጾ በቪዲዮ ፕሮጀክተር ሲኒማ ቤት የገባው ከሆሊውድ መቆለፊያ ውጪ ሆኖ ነው። አዲስ ፊልም ማሳየት ያቃተው ማሽን ለአገር ውስጥ ፊልም፣ ለፌስቲቫል፣ ለፊልም ትምህርት ቤት ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ባለሲኒማው፦ ባለ ብዙ ኪሎዋት ማሽን፣ ሙቀቱን የሚያወጣ ቱቦና የሠለጠነ ሰው ይዤ፣ ትንሽ የሌዘር ፕሮጀክተር የሚያሳየውን ላሳይ? የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪው ሥዕሉ እንዲያምርለት ነው የሚፈልገው፤ አሮጌ ማሽን እንዲተርፍለት አይደለም። ማሽኑን ወደድከው እንጂ ምክንያትህ አላሳመነኝም።

ባለሙያው፦ ለትንሽ አዳራሽ እውነት አልዎት፤ ትንሹ ሌዘር ይበልጣል። ለትልቅ ስክሪን ግን ያን ያህል ብርሃን የሚሰጥ አዲስ ማሽን ርካሽ አይደለም። ደግሞም ማሽኑን መውደዴን አልክድም፤ ግን ወድጄው ከሆነ የወደድኩት ስለሚፈታ ነው። የሚፈታ ማሽን ሰው ያስተምራል። ዛሬ በዚህ ማሽን ላይ ማራገቢያ መቀየርና መስታወት ማጽዳት የተማረ ልጅ ነገ ሌዘሩንም ያለ ፍርሃት ይከፍተዋል። ሁሉን ነገር በደብዳቤው ቀን የሚጥል አገር ግን ሁልጊዜ ገዢ ሆኖ ይቀራል።

ባለሲኒማው፦ አገር በኔ ወጪ አይማርም። እኔ አንድ ሲኒማ ቤት ነው ያለኝ።

ባለሙያው፦ እሺ፣ አገሩን እንተወው። ለእርስዎ ብቻ የምመክረው ይኸው ነው። ብርሃኑ ልኩን እስከደረሰ፣ ሁለት ሰው እስከሠለጠነበት፣ ሚዲያ ብሎኩ የሚተካ እስከሆነ ድረስ ማሽኑን ያቆዩት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ያውርዱት። በዚህ መሃል ያጠራቀሙት ጊዜ ደግሞ አዲሱን ሲገዙ ለአንድ ጥያቄ ይዋል፤ «በ15ኛው ዓመት የዚህን ካርድ ባትሪ የሚቀይረው ማነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ።

ባለሲኒማው፦ ሻጩ አልፈርምም ይላል።

ባለሙያው፦ ይላል። ያኔ ማሽን እየገዙ እንዳልሆነ፣ የማያውቁት ዘመን ያለው ኪራይ እየከፈሉ እንደሆነ ያውቃሉ። ዋጋውንም እንደ ኪራይ ይከራከራሉ።

ባለሲኒማው፦ ኪራይ መሆኑን አውቄም ከመፈረም ሌላ ምርጫ የለኝም፤ ካልፈረምኩ አዲሱ ፊልም እኔ ጋ አይመጣም። አንተ የነገርከኝ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚጠቅመው ምርጫ ላለው ሰው ነው።

ባለሙያው፦ ምርጫ የሚኖረው ደግሞ አሮጌው ማሽኑ የሚሠራለት ሰው ብቻ ነው። ነገ ቆሞብዎት ሻጭ ፊት ከሚቀመጡ፣ ዛሬ እየሠራ ሳለ ቢጠይቁት ምን ያጣሉ?